ከቤተ መንግሥት እስከ ክብሪት ቀፎ፤ የትንንሽ ተወዛዋዥ የእንጨት ፈረሶች ታሪክ

በአውሮጳ ከተሞች፣ ይልቁንም የልደት በዓል በተቃረበ ጊዜ፣ በየሱቁ መስተዋት ውስጥ ከሚደረደሩት ዕቃዎች አንዱ ከሰው መዳፍ የማይበልጥ፣ በሁለት ጎባጣ እንጨቶች ላይ የቆመ፣ በጣት ሲነኩት ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወዛወዝ ትንሽ የእንጨት ፈረስ ነው። ሻጩ ሲጠየቅ «የጥንት ዓይነት ነው፤ በእጅ የተሠራ ነው» ብሎ ይመልሳል። ገዢውም ይህን ሰምቶ ዋጋውን ይከፍላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ለልጁ ሳይሆን ለራሱ መደርደሪያ ይገዛዋል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚነሣው ከሻጩ ቃል ነው። «የጥንት ዓይነት» ሲል የትኛውን ጥንት ማለቱ ነው? «በእጅ የተሠራ» ሲልስ በማን እጅ?

ነገሩን ሳይመረምር የሚያልፍ ሰው፣ ትልቁ ፈረስ አስቀድሞ ተሠራ፤ ኋላም ትንሹ ከእርሱ ተቀዳ ብሎ ያስባል። የታሪኩ አካሄድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ትንሹ የፈረስ ቅርጽ ትልቁን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድመዋል፤ ውዝዋዜው ደግሞ ከሁሉም የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ሁለቱ ከተጋጠሙ በኋላ ትንሹን ተወዛዋዥ ፈረስ በብዛት ያስገኘው የሕፃናት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ፣ የአንድ የማዕድን አገር ሕዝብ የእንጀራ ችግር ዋና ምክንያት እንደ ነበረ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በአቴና ከተማ ኬራሜይኮስ ከተባለው የመቃብር ሥፍራ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት የተሠራ፣ በመንኰራኵር ላይ የቆመ ትንሽ የሸክላ ፈረስ ተገኝቷል። በግብፅም አገር በአክሚም፣ በሮማውያን አገዛዝ ዘመን ከእንጨት የተቀረጸ ባለ መንኰራኵር ፈረስ ተገኝቶ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል። ከመቃብር የወጣ ትንሽ ዕቃ ሁሉ የልጅ መጫወቻ ነው ለማለት እንደማይቻል የታወቀ ነው፤ ለአማልክት የቀረበ መባ፣ ወይም የሟቹን ማዕረግ የሚያሳይ ምልክት ሊሆን ይችላልና። ይሁን እንጂ በገመድ ሊጐተት የሚችለው የአክሚሙ ዓይነት መጫወቻ ለመሆኑ ብዙ የሚያጠራጥር ነገር የለውም። እንግዲህ ፈረስን በትንሹ ቀርጾ በእጅ መያዝ ወይም መጐተት እጅግ የቆየ ልማድ መሆኑን በዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ሥር የበትር ፈረስ ነው። ፕሉታርክ ስለ እስፓርታው ንጉሥ ስለ አጌሲላዎስ ሲጽፍ፣ ንጉሡ በቤቱ ከልጆቹ ጋር በበትር ላይ ተቀምጦ ሲጋልብ አንድ ወዳጁ እንዳየው፣ ንጉሡም ወዳጁ ራሱ የልጆች አባት እስኪሆን ድረስ ይህን ለማንም እንዳይነግርበት እንደ ለመነው ይተርካል። ሮማዊው ባለቅኔ ሆራስም በረዥም መቃ ላይ መጋለብን የልጅነት ሥራ አድርጎ ይጠቅሰዋል። የፍላንደርሱ ሠዓሊ ፒተር ብሩገል በ1560 በሣለውና ዛሬ በቪየና በሚገኘው የልጆች ጨዋታ ሥዕል ውስጥ፣ ከሰማንያ ከሚበልጡት የጨዋታ ዓይነቶች መካከል የበትር ፈረስ አለበት። በእኛም አገር ሸንበቆ በእግሩ መካከል አድርጎ የሚጋልብ ልጅ ለማንም እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለው በፈረስ ስም በተጠሩበት አገር ያደገ አንባቢ፣ ፈረስ የማዕረግ ምልክት ሲሆን መጫወቻውም የማዕረግ ምልክት እንደሚሆን ለማስተዋል ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

የሚወዛወዘው ፈረስ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ብቅ አለ። በእንግሊዝ አገር ከተረፉት ሁሉ የቆየ ነው የሚባለው ፈረስ፣ በ1600 የተወለደውና ኋላ ቀዳማዊ ቻርልስ ተብሎ የነገሠው ልጅ የተጫወተበት ነው እየተባለ ይተረካል። ልጁ በሕፃንነቱ እግሩ ደካማ ስለ ነበር ነገሩ የሚመስል ነው፤ ማስረጃው ግን ትውፊት ነው። የዚያ ዘመን ተወዛዋዥ ፈረስ ዛሬ ከምናውቀው ቅርጽ የራቀ ነበር። ሁለት የግማሽ ክብ ቅርጽ ያላቸው ወፋፍራም ሳንቃዎች በግራና በቀኝ ይቆማሉ፤ በመካከላቸው መቀመጫ ይገጠማል፤ ከፊት የፈረስ ራስ ይተከላል። ከሩቅ ላየው ፈረስ ከመሆን ይልቅ ጀልባ ይመስላል። ዓላማውም ከጨዋታ ያለፈ ነበር፤ የመኳንንት ልጅ በእውነተኛ ፈረስ ላይ ከመውጣቱ በፊት ወገቡን አጽንቶ መቀመጥንና ልጓም መያዝን ይለማመድበት ነበር። የገበሬው ልጅ ይህን አላስፈለገውም፤ ፈረስ ቢኖረው በፈረሱ ይማራል፤ ባይኖረው የመጋለብ ተስፋም የለውም።

በ18ኛው መቶ ዓመት ሳንቃዎቹ ቀርተው ፈረሱ ሙሉ አካል አገኘ። አራቱ እግሮች ተዘርግተው በሁለት ረዣዥም የደጋን ቅርጽ ባላቸው እንጨቶች ላይ ተሰኩ። ዛሬ በትንንሾቹ ላይ የምናየው መልክ በመሠረቱ የዚህ ዘመን ፈጠራ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሥራው ወደ ትልልቅ የለንደን ፋብሪካዎች ገባ፤ ከእነርሱም የኤየርስና የጆርጅና ጆሴፍ ላይንስ ስም ከሁሉ የታወቀ ነበር። የፈረሱ ሆድ ከተጋጠሙ ሳንቃዎች ውስጡ ባዶ ሆኖ ይሠራል፤ ይህም ክብደቱን ለመቀነስና እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ነው። ራሱ በመሮ ይቀረጻል፤ እግሮቹ ከጠንካራ እንጨት ይወጣሉ። ከዚያም የጠመኔ ዱቄት ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ተለውሶ ደጋግሞ ይቀባል፤ ሲደርቅም ይፋቃል። ይህ አሠራር የእኛ ሠዓሊዎች የሥዕል ሰሌዳ ለማዘጋጀት ከሚያውቁት ጋር ይቀራረባል። በመጨረሻ ቀለም፣ የመስተዋት ዓይን፣ ከእውነተኛ ፈረስ የተቈረጠ ጋማና ጭራ፣ የቆዳ ኮርቻና እርካብ ይጨመራል።

ከቀለሞቹ ሁሉ የገነነው በግራጫ ላይ እንደ ደመና የተዘረጋው ዝንጕርጕር ነው። ንግሥት ቪክቶርያ በ1851 ሊቨርፑልን በጐበኙ ጊዜ በኮሊንሰን ሥራ ቤት ይህን ቀለም ወደው ስለ ተናገሩ ልማዱ ጸና ይባላል። ንግሥቲቱ ወደዱም አልወደዱም፣ ዝንጕርጕሩ ለሠሪው የሚጠቅም ምክንያት ነበረው፤ ነጠብጣብ የበዛበት ገጽ የእንጨቱንና የልስኑን ጕድለት ይሸፍናል። እኔ ከንጉሣዊው ታሪክ ይልቅ ይህ ምክንያት ይመዝንብኛል።

ደጋኑ ውበት ቢኖረውም ችግር ነበረበት። ብዙ ሥፍራ ይይዛል፤ ወለል ይፍቃል፤ የሌላ ልጅ ጣት ይረግጣል፤ በኃይል ከተወዛወዘም ይገለበጣል። በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ ፊሊፕ ማርኳ የተባለ ሰው በ1880 ፈረሱን በማይንቀሳቀስ መቆሚያ ላይ በብረት አንጠልጥሎ የሚያወዛውዝ አሠራር በፓተንት አስመዘገበ። ከዚህ በኋላ መቆሚያው ደጋኑን ከብዙ ቤት አስወጣው። ይህ ዓመት ትንንሾቹን ፈረሶች ለሚያጠና ሰው እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ግልቢያው አንድ ነገር ልጨምር። የተወዛዋዥ ፈረስ የፊት እግሮች ወደ ፊት፣ የኋላ እግሮች ወደ ኋላ ተዘርግተው ይታያሉ። የአውሮጳ ሠዓሊዎች ሽምጥ የሚጋልብን ፈረስ ለብዙ ዘመን እንዲህ ይሥሉት ነበር። በ1878 በካሊፎርኒያ ኤድዋርድ ማይብሪጅ ብዙ የፎቶግራፍ መኪናዎች በተርታ ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ ባነሣ ጊዜ ግን፣ አራቱም እግሮች ከመሬት የሚለቁት ከሆድ በታች ሲሰበሰቡ እንጂ ሲዘረጉ እንዳልሆነ ታወቀ። ሠዓሊዎቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ አናጢዎቹ ግን አልተመለሱም። የተዘረጋው እግር በደጋኑ ላይ ለመሰካት ይመቻልና፣ የሳይንስ ማስረጃ በሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀረ። ዛሬ የሚሠራው ትንሽ ፈረስም ከ1878 በፊት በነበረው ግልቢያ ይጋልባል።

እስካሁን ያየነው የትልቁ ፈረስ ታሪክ ነው፤ ከቤተ መንግሥት ወደ ባለጸጋ ቤት የወረደ ታሪክ። የትንሹን ታሪክ ለማየት ወደ ሌላ አገርና ወደ ሌላ ዓይነት ሕዝብ መሻገር ያስፈልጋል።

በጀርመን አገር በሳክሶኒ ክፍል፣ በቦሄሚያ ድንበር አጠገብ፣ ኤርጽገቢርገ የሚባሉ ተራሮች አሉ፤ ትርጓሜውም የማዕድን ተራሮች ማለት ነው። በዚያ የምትገኘው የዛይፈን መንደር በጽሑፍ የተጠቀሰችው በመጀመሪያ በ1324 ሲሆን፣ ስሟም የቆርቆሮ ማዕድን በወራጅ ውሃ ከማጠብ ሥራ የመጣ ነው። ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት በዚህ ማዕድን ኖረ። ማዕድኑ እየሳሳ በሄደ ጊዜ ግን የጕድጓዱ ሠራተኛ ወደ እንጨት ዞረ። ተራራው ዛፍ ሞልቶበታል፤ ወንዙም የማዕድን ድንጋይ የሚወቅጠውን መኪና ሲያንቀሳቅስ የኖረ ስለ ሆነ፣ ያው ውሃ በ18ኛው መቶ ዓመት የእንጨት ቶርኖ ያዞር ጀመር። በ1849 የማዕድኑ ሥራ ፈጽሞ ሲቆም መንደሪቱ የመጫወቻ መንደር ሆና ነበር። በመጀመሪያ ሳሕንና አዝራር ይሠሩ ነበር፤ ከዚያ አሻንጉሊት፤ ከዚያም በሺህ የሚቈጠሩ ጥቃቅን እንስሳት።

እነዚህን እንስሳት በርካሽ ለማውጣት በ1800 ገደማ አንድ እጅግ የሚያስደንቅ ዘዴ ተገኘ፤ የቀለበት ቅርጽ ዘዴ ልንለው እንችላለን። አሠራሩን በዝርዝር ማወቅ ይገባል፤ የትንሹ ፈረስ ታሪክ ሁሉ በእርሱ ውስጥ ነውና። ጕጥ የሌለበት፣ ርጥብ የሆነ የስፕሩስ ግንድ በስሱ ተቈርጦ እንደ ከበሮ ፊት ክብ ሆኖ በቶርኖው ላይ ይታሰራል። ሠራተኛው በሚሽከረከረው እንጨት ላይ መሮውን እያሳረፈ አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከኋላ ይቦረቡራል። ያ ክብ እንጨት ተጠናቆ ሲወርድ ጕብታና ስርጕድ የበዛበት ቀለበት ብቻ ይመስላል፤ ማንም አይቶ ይህ ፈረስ ነው አይልም። ቀለበቱ በቢላዋና በመዶሻ ከዳር ወደ መካከል ሲፈለጥ ግን በፈለጠው ፊት ላይ የፈረስ ቅርጽ ይወጣል፤ ጆሮው፣ አንገቱ፣ ጀርባው፣ ሆዱ፣ እግሩ። ከዚያ እንደ ዳቦ እየተሸነሸነ በአሥሮች የሚቈጠር ፈረስ ከአንዱ ቀለበት ይገኛል። እንግዲህ ሠራተኛው ፈረሱን በሚቀርጽበት ጊዜ አያየውም፤ ልቡ ብቻ ያውቀዋል። መሮው በአንድ ሥፍራ ጥቂት ቢስት ስሕተቱ በአንዱ ፈረስ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ቀለበቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንካሳ ሆነው ይወለዳሉ።

ከቀለበት የተሸነሸነ ፈረስ ወደ ውጭ የነበረው ወገኑ ወፈር፣ ወደ መካከል የነበረው ቀጠን ይላል፤ እንደ ተሸነሸነ ክብ ዳቦ ማለት ነው። ስለዚህ ጠርዙ በቢላዋ ይስተካከላል፤ ጭራና ጆሮ ይለጠፋል፤ ቀለም ይቀባል፤ ተወዛዋዥ እንዲሆን ከተፈለገም ሁለት ቀጫጭን ደጋኖች ከእግሮቹ በታች በሙጫ ይያያዛሉ። እኔ በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ ከእጄ የገባው አንድ አሮጌ ትንሽ ፈረስ በብርሃን ፊት ሲታይ፣ ከቀለሙ ሥር የእንጨቱ ጭረት ከራስ እስከ እግር በአንድ ወገን ወደ ማዕከል ሲያዘነብል ይታይ ነበር። ሻጩ በመሮ አንድ በአንድ የተቀረጸ ነው ብሎ ነበር፤ እንጨቱ ግን ከቀለበት የወጣ መሆኑን ይመሰክራል።

የቶርኖው ሥራ የወንድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ወደ ቤት ይገባል። እናት ትቀርጻለች፤ አያት ሙጫ ያፈላል፤ ልጆች ይለጥፋሉ፣ ቀለም ይቀባሉ። በክረምት ብርሃን ቶሎ ስለሚጠፋ ሥራው በኩራዝ ይቀጥላል። የተጠናቀቀው መጫወቻ በደርዘንና በስድሳ እየተቈጠረ፣ በቅርጫት ታዝሎ ወደ አከፋፋይ ነጋዴ ይወሰዳል። ነጋዴው በኦልበርንሃው ወይም በሌላ በቅርብ ባለ ከተማ የተቀመጠ ነው፤ ዋጋ የሚወስነው እርሱ ነው፤ ወደ ኑርንበርግ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ አሜሪካ የሚልከውም እርሱ ነው። በእንግሊዝ አገር ሰንበትን አጥብቀው በሚያከብሩ ቤቶች፣ እሑድ ቀን ለልጆች ከሚፈቀዱት ጥቂት መጫወቻዎች አንዱ የኖኅ መርከብ ከነእንስሳቱ ነበር፤ ምክንያቱም መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነውና። የእነዚያ መርከቦች ጥንድ ጥንድ ፈረሶች ከእነዚህ የሳክሶኒ ቤቶች ብዛት ያላቸው ወጥተዋል። በሰንበት እንዲያርፍ የታዘዘው የለንደን ልጅ በእጁ የያዘውን ፈረስ፣ ዕረፍት የሌለው ሌላ ልጅ ቀለም ቀብቶታል ማለት ነው።

የፈረሱ መጠን እያነሰ የሄደበትን ምክንያት የምፈልገው እዚህ ነው። ትልቅ ፈረስ ለመሥራት ብዙ እንጨት፣ ሰፊ ሥራ ቤት፣ የተማረ ቀራጭ፣ እስኪሸጥም ድረስ የሚታገሥ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ማዕድኑ የተዘጋበት ሰው ከእነዚህ አንዱም የለው። ትንሹ ፈረስ ግን በምግብ ገበታ ላይ ይሠራል፤ የሰባት ዓመት ልጅ እጅ ይበቃዋል፤ በአንድ ቅርጫት ብዙ ይያዛል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዛይፈን ሙሉ መንደር ወይም ሙሉ የመጫወቻ ስብስብ በአንድ ክብሪት ቀፎ ውስጥ እስከ ማስገባት ደረሰች። ዛሬ ይህን ዓይነቱን ጥቃቅን ሥራ ስናይ የሠሪውን ትዕግሥት እናደንቃለን። ትዕግሥቱ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ከእንጨትና ከሥፍራ ይልቅ የሰው ጊዜ ርካሽ የሆነበት ኑሮ ያስገደደው ትዕግሥት ነበር።

በዘመኑም ይህን ያስተዋሉ ሰዎች ነበሩ። የጀርመን መንግሥት በመጋቢት 1903 ባወጣው የልጆች ጥበቃ ሕግ፣ በቤት ውስጥ ሥራ ላይ የራስን ልጅ እንኳ ቢሆን 10 ዓመት ሳይሞላው ማሠራትን ከለከለ። ሕጉ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ሥራ ቤቱ መኝታ ቤትም በሆነበት መንደር ተቈጣጣሪው በየቱ በር ገብቶ የትኛውን ልጅ ከየትኛው ቀለም ያስነሣል? በ1906 ደግሞ በበርሊን የቤት ውስጥ ሠራተኞች ሥራ የታየበት ትልቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። በዚያ ዕቃዎቹ የቀረቡት እንደ ሱቅ ዕቃ አልነበረም፤ በየዕቃው ላይ ሠራተኛው የደከመበት ሰዓትና የተከፈለው ደመወዝ ተጽፎ ተለጥፎ ነበር። ለታሪክ ተመራማሪ ከዚህ የበለጠ የቤተ መዘክር መግለጫ ጽሑፍ ይገኛል ብዬ አላስብም። ዛሬ በየቤተ መዘክሩ «የእንጨት ፈረስ፣ ሳክሶኒ፣ 19ኛው መቶ ዓመት» ከሚለው መስመር ይልቅ ያ ቍራጭ ወረቀት ብዙ ይናገራል።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረስ ከአውሮጳ ጐዳናና ከጦር ሜዳ እየወጣ ሄደ፤ በቦታውም ሞተር ገባ። መጫወቻውም ተከተለው። በ1919 የተመሠረተው የላይንስ ወንድሞች ድርጅት፣ ባለቤቶቹ የታወቁት የፈረስ ሠሪዎች ቤተ ሰብ ልጆች ሲሆኑ፣ ከፈረስ ይልቅ በመኪናና በብስክሌት መጫወቻ ገነነ፤ እርሱም በ1971 ፈረሰ። ኤየርስ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ሥራውን አቁሞ ነበር። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ በፕላስቲክና በሽቦ የተሠራ ፈረስ የእንጨቱን ተካ። በዚህ ጊዜ የእንጨቱ ፈረስ ሙሉ በሙሉ ይጠፋ ዘንድ ይጠበቅ ነበር፤ ሆኖም ፈረስ ከመንገድ በጠፋ መጠን ትንሹ የእንጨት ፈረስ በአዋቂዎች ዘንድ ይፈለግ ጀመር። ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነገር በመደርደሪያ አያኖርም።

ለአዋቂ የተሠራ ጥቃቅን ዕቃ ራሱ አዲስ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት የኑርንበርግና የሆላንድ ባለጸጎች የአሻንጉሊት ቤቶችን በብዙ ወጪ ያሠሩ ነበር፤ በኑርንበርግ የሚገኘው የ1639 ቤት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በእንግሊዝ አገር ከ1921 እስከ 1924 ለንግሥት ሜሪ የተሠራው የአሻንጉሊት ቤት፣ ዛሬ በዊንድዘር የሚታየው፣ የእውነተኛውን ዕቃ አንድ አሥራ ሁለተኛ መጠን ተከትሏል። ይህ መጠን በኋላ ለብዙ ሠሪዎች ሕግ ሆነ፤ በዚህም መሠረት 120 ሳንቲ ሜትር የነበረው የቪክቶርያ ዘመን ፈረስ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የዛይፈኑ ፈረስ እንዲህ ያለ ስሌት አያውቅም ነበር፤ መጠኑን የሚወስኑት የቀለበቱ ስፋትና የነጋዴው ዋጋ ነበሩ። ዛሬ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጐን ለጐን የሚቆሙት ሁለቱ ዓይነቶች ከሁለት የተለያየ ዓለም የመጡ ናቸው፤ አንዱ ከሠራተኛ ገበታ፣ ሁለተኛው ከሰብሳቢ መስፈርት።

ዛይፈን ራሷ ከጦርነቱ በኋላ በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ሥር ወደቀች። በ1953 የመጫወቻ ቤተ መዘክር ተከፈተባት፤ በ1973ም የጥንት የሥራ ቤቶች የሚታዩበት አውላላ ቤተ መዘክር ተጨመረላት። በ1972 ግን በአገሪቱ የቀሩት የግል ድርጅቶች በብዛት በመንግሥት ተወረሱ፤ ሁለቱ ጀርመኖች በ1990 ከተባበሩ በኋላም ሥራው እንደ ገና ወደ ግል እጅ ተመለሰ። የቀለበት ቅርጽ ዘዴን የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ በጣት የሚቈጠሩ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ሻጩ ቃል እንመለስ። «የጥንት ዓይነት» የተባለውን ትንሽ ፈረስ የያዘ ተማሪ ምን መመልከት ይገባዋል? በቅድሚያ ከእግሩ በታች ያለውን። ደጋን ከሆነ ቅርጹ ከ18ኛው መቶ ዓመት የተወረሰ ነው፤ መቆሚያ ከሆነ ከ1880 ወዲህ ያለውን ይከተላል። ብዙዎቹ የዛሬ ሠሪዎች ግን የቪክቶርያ ዘመን ዝንጕርጕር ቀለምን፣ የጆርጅ ነገሥታት ዘመን ደጋንን፣ የሳክሶኒን የተለጠፈ ጭራ በአንድ ፈረስ ላይ ያጋጥማሉ። ይህ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም፤ የእጅ ሠራተኛ የወደደውን ማዋሐድ መብቱ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፈረስ በማንኛውም ዘመን በማንኛውም ቤት አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ የማልወደው ቀለሙን አውቆ መፋቅ ነው። አሮጌ ፈረስ ቀለሙ የሚላጨው የልጅ ጕልበት በሚነካው ጐንና እጅ በሚይዘው አንገት ላይ ነው፤ የሐሰተኛው ግን በየሥፍራው እኩል ይላጫል። ደግሞም ማንም ልጅ ሊቀመጥበት የማይችል ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ፈረስ ኮርቻው ላይ ተፍቆ ሲገኝ ማን እንደ ተቀመጠበት መጠየቅ ይገባል።

«በእጅ የተሠራ» የሚለው ቃል ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። የ1850 ፈረስ በእጅ የተሠራው እጅ ርካሽ ስለ ነበረ ነው፤ መኪና ከሕፃን እጅ ይልቅ ይወደድ ነበርና። የዛሬው ፈረስ በእጅ መሠራቱ ግን ዋጋውን ከፍ የሚያደርግ ምስጋና ሆኗል። ቃሉ አንድ ሲሆን ትርጓሜው ተገልብጧል። ስለ ባህላዊ ሥራ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ሳንለይ በአንድ ስም የጠራነው እንደ ሆነ፣ የዛሬውን ገዢ ፍቅር ለትናንቱ ሠራተኛ እናለብሰዋለን፤ እርሱ ግን ያን ልብስ ለብሶ አያውቅም።

ለዚህ ልዩነት የዓይን ምስክር የሚሆን አንድ ትንሽ ሥፍራ በፈረሱ ላይ አለ፤ እርሱም የደጋኑ ታችኛ ፊት ነው። ከሳክሶኒ ቤቶች በ19ኛው መቶ ዓመት በወጡት ፈረሶች ላይ ይህን ሥፍራ ገልብጦ የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እንጨት ያገኛል፤ በሳጥኑ ላይ ስም ቢኖር የነጋዴው ነው። በዛሬዎቹ ትንንሽ ፈረሶች ሥር ግን የሠሪው ስም፣ አንዳንዴም የተሠራበት ዓመትና ተራ ቍጥሩ፣ በቀጭን ብዕር ተጽፎ ይገኛል።